ጨረታ አሸነፍኩ (እንኳን ደስ አለሽ አትበሉኝ)

ባለፈው ሳምንት አንዲት የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ከሲያትል ደወለችልኝ። «ስሚ፣ እኔም እንደ አንቺ ኢቤይ ላይ መሸጥ ልጀምር ነው፤ ምን ልግዛ?» አለችኝ። «ለጊዜው ምንም አትግዢ» አልኳት። ምቀኛ ሳልመስላት አልቀረሁም፤ «እሺ በቃ» ብላ ስልኩን ዘጋችው። እንግዲህ ይህን የምጽፈው ለእሷ ነው። እግረ መንገዴንም ዩቲዩብ ላይ «ከአልጋዬ ሳልወርድ በወር 10 ሺህ ዶላር» የሚል ቪዲዮ አይታችሁ እንቅልፍ ላጣችሁ ሁሉ።

ምቀኛ አይደለሁም። ሜሪላንድ ውስጥ በአክስቴ ቤት ምድር ቤት ተቀምጬ፣ ያገለገሉ ዕቃዎችን እየገዛሁ በኢንተርኔት ጨረታ ስሸጥ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የጋዜጠኝነት ዲግሪዬ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ እኔ ከሥሩ ካርቶን አሽጋለሁ። ከስሬ አውቃለሁ፤ አትርፌም አውቃለሁ። ከዚህ ሁሉ የተረፈኝ አንድ እምነት ነው፦ ይህ ሥራ የሚጀመረው በገንዘብ ሳይሆን በሚያውቁት ነገር ነው፤ የሚያቆየውም እውነቱን መጻፍ ነው። የቀረው ካርቶንና ፕላስተር ነው።

ሲታሰብ ሥራው ለእኛ አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ጠዋት ጠዋት «ቆራሌው!» የሚለውን ድምፅ እየሰማ ነው ያደገው። ቆራሌው ከእናቶቻችን ጓዳ ጠርሙሱንና የዛገውን ብረት ድስት በሳንቲም ይገዛና መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ወስዶ ለሚፈልገው ሰው ያስረክባል። ትርፉ ዕቃውን ከማይፈልገው ሰው ወደሚፈልገው ሰው ማሻገሩ ላይ ነው። ኢቤይም ይኸው ነው። ልዩነቱ ምናለሽ ተራው ዓለምን የሚያክል መሆኑ ነው።

ነገሩ ሲጀመርም እንዲሁ ነበር (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ፒየር ኦሚድያር የሚባል ፕሮግራመር በ1995 ካሊፎርኒያ ውስጥ «ኦክሽንዌብ» ብሎ ከፈተው። ከመጀመሪያዎቹ ሽያጮች አንዱ የተበላሸ የሌዘር መጠቆሚያ ነበር፤ 14 ዶላር ከ83 ሳንቲም አወጣ። ኦሚድያር ግራ ገብቶት ገዢውን «መበላሸቱን አውቀሃል አይደል?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ሰውዬው የተበላሹ የሌዘር መጠቆሚያዎችን እንደሚሰበስብ ነገረው። እናንተዬ፣ ለሁሉም ዕቃ አንድ እብድ አለው ማለት ነው!

ሌላም ታሪክ አለ። ለዓመታት ጋዜጦች «ሰውዬው ኢቤይን የከፈተው እጮኛው የፔዝ ከረሜላ መያዣዎችን ትሰበስብ ስለነበር፣ ለእሷ መለዋወጫ እንዲሆናት ብሎ ነው» እያሉ ጻፉ። ደስ የሚል የፍቅር ታሪክ ነው አይደል? ግን ውሸት ነው። የኩባንያው የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ለጋዜጠኞች ጆሮ እንዲጥም ብላ የፈጠረችው እንደነበር በ2002 በወጣ መጽሐፍ ላይ ታወቀ። እኔ እንደ ጋዜጠኛ አፈርኩ፤ እንደ ነጋዴ ግን አንድ ነገር ተማርኩ። ያማረ ታሪክ ይሸጣል፤ ያልተደረገ ታሪክ ደግሞ አንድ ቀን ይያዛል። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ውርደቴ። ሥራውን ስጀምር የሚሸጥ ነገር ያስፈልገኛል አልኩና ከአክስቴ (እቴቴ ነው የምላት) እቁብ ላይ 800 ዶላር ተበደርኩ። እቴቴ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ናት፤ ያ ገንዘብ የስንት ሌሊት ፈረቃ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ሆዬ፣ ደንበኞች ገዝተው የመለሷቸው የኩሽና ዕቃዎች በጅምላ የሚሸጡበት የኢንተርኔት ጨረታ ውስጥ ገባሁ። አንድ ፓሌት፣ 41 ዕቃ፣ ሳይመረመር። ሰዓቱ ወደ ታች ይቆጥራል፤ ዋጋው ይጨምራል፤ ልቤ ይመታል። 500፣ 560፣ 600… በ640 ዶላር አሸነፍኩ። ጮህኩኝ። እቴቴ እሳት የተነሳ መስሏት ከፎቅ ወረደች።

ማጓጓዣው 110 ዶላር ነበር። ፓሌቱ መጥቶ ስፈታው 17ቱ ዕቃ ጭራሽ አይሠራም፤ 9ኙ ወይ ክዳን ወይ ገመድ ጎድሎታል። የቀረውን ሸጥኩና ወጪውን ሳወራርድ 430 ዶላር እጄ ገባ። 320 ዶላር ቀለጠ። ማንንም አልከስም፤ ማስታወቂያው ላይ በግልጽ ተጽፎ ነበር። አዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ የሐራጅ ማስታወቂያ አንብቦ ያደገ ሰው «ባለበት ሁኔታ» የምትለዋን ሐረግ ትርጉም እንዴት ይስታል? እቴቴ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ዕቃ አይተሽውም ሳትዳስሺው አይገዛም፤ አንቺ ጭራሽ ሳታዪው ገዛሽ?»

በኋላ ሳነብ ለካ ይህ ጅልነት ስም አለው። በ1971 ኬፐን፣ ክላፕና ካምቤል የሚባሉ ሦስት የነዳጅ ኩባንያ መሐንዲሶች አንድ ጽሑፍ አሳተሙ። የነዳጅ ኩባንያዎች በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የቁፋሮ ቦታዎችን በጨረታ እያሸነፉ ያገኙት ትርፍ ለምን ከጠበቁት በታች እንደሆነ መርምረው ነበር። መልሱ ቀላል ነው። የአንድን ነገር ዋጋ ማንም በትክክል ሳያውቀው ብዙ ሰው ሲገምት፣ የሚያሸንፈው ከሁሉም አብልጦ የገመተው፣ ማለትም ከሁሉም በላይ የተሳሳተው ሰው ነው። ኢኮኖሚስቶች «የአሸናፊው እርግማን» ይሉታል። ስለዚህ ጎበዝ፣ ጨረታ ያሸነፋችሁ ቀን ከመጨፈራችሁ በፊት ደንግጡ። ሌሎቹ ተጫራቾች እኔ ያላወቅኩት ምን አውቀው ነው የተውት? በሉ።

«እኔስ ሻጭ ነኝ፤ እርግማኑ የገዢ ነው» ትሉኝ ይሆናል። መልሶ ሻጭ መጀመሪያ ገዢ ነው። የሚያተርፈውም የሚከስረውም በአብዛኛው ሲገዛ ነው።

ሲሸጡስ? ጨረታው እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። ኢቤይ ላይ ተጫራች የመጨረሻ ዋጋውን ለሥርዓቱ በምስጢር ይነግረዋል። እናንተ 50 ዶላር ብላችሁ ሌላው 30 ካለ፣ ዕቃው የእናንተ የሚሆነው በ31 ዶላር አካባቢ ነው፤ አሸናፊው የሚከፍለው ከሁለተኛው ትንሽ ከፍ አድርጎ ነው። ዊልያም ቪክሪ የሚባለው ኢኮኖሚስት የዚህን ዓይነት ጨረታ ባሕርይ በ1961 በጽሑፍ አሳይቶ ነበር፤ በ1996 ኖቤል ተሸለመና ሽልማቱ በተነገረ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ለእኛ ለሻጮች ትርጉሙ ግልጽ ነው። አንድ አፍቃሪ ብቻ ያለው ዕቃ በጨረታ ዋጋ አያወጣም፤ ሁለት ያስፈልጋሉ። ስለዚህ ዋጋው የታወቀ ነገር (የስልክ ቻርጀር፣ የቡና ማፍያ) በጨረታ ማውጣት ሞኝነት ነው፤ ቁርጥ ዋጋ ጻፉበትና ይቀመጥ። ጨረታ የሚያምርበት ዋጋውን ማንም በውል ለማያውቀው፣ ብርቅ ለሆነ ዕቃ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ኢቤይ ላይ አብዛኛው ነገር በጨረታ ይሸጥ ነበር፤ ዛሬ አብዛኛው በቁርጥ ዋጋ ነው። ዩቲዩበሮቹ ይህን አይነግሯችሁም።

የማይነግሯችሁ ሌላው ነገር ሒሳቡን ነው። ያገለገሉ ዕቃዎች ከሚሸጡበት ሱቅ አንድ የቡና መፍጫ በ7 ዶላር ገዛሁ። ማጓጓዣን ጨምሮ በ32 ዶላር ተሸጠ። 25 ዶላር አተረፍኩ? ቀስ! ኢቤይ ለአብዛኛው ዕቃ ከ13 በመቶ በላይ ይቆርጣል፤ የሚቆርጠውም ከዕቃው ዋጋ ብቻ ሳይሆን ገዢው ከከፈለው ጠቅላላ፣ ማጓጓዣውንና የሽያጭ ታክሱን ጨምሮ ነው። ወደ 5 ዶላር ሄደ። ፖስታ ቤት 10 ዶላር ወሰደ። ካርቶንና ፕላስተር 1 ዶላር ተኩል። የቀረኝ 8 ዶላር ተኩል ነው። መፈለጉ፣ ማጽዳቱ፣ ፎቶ ማንሳቱ፣ መጻፉ፣ ማሸጉና መሰለፉ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። በሰዓት 5 ዶላር አካባቢ ማለት ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ከ2024 ጀምሮ የሰዓት ዝቅተኛ ደመወዝ 15 ዶላር ነው። እቴቴ በሰዓት ከእኔ በሦስት እጥፍ በላይ ታገኛለች፤ ያውም ተቀምጣ።

ስለዚህ ለጓደኛዬ የመጀመሪያው ምክሬ፣ ከመግዛትሽ በፊት «የተሸጡ» የሚለውን ማጣሪያ ተጫኚ። ሰው የጠየቀበትን ዋጋ ተዪው፤ መጠየቅ ነፃ ነው። በትክክል የተሸጠበትን ዋጋ እዪ። ከዚያ ሰዓትሽን በሒሳቡ ውስጥ አስገቢ። ግብርም አለ፤ ከድርጅቱ ፎርም መጣም አልመጣ ያተረፍሽው ገቢ ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን ደረሰኝ ሰብስቢ።

«የሌላ ሰው ዕቃ ገዝቶ መልሶ መሸጥ ሕጋዊ ነው ወይ?» የሚለኝም አለ። ሱፓፕ ኪርትሳንግ የሚባል ታይላንዳዊ ተማሪ አሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሲማር፣ ዘመዶቹ ታይላንድ ውስጥ በርካሽ የሚገዙለትን የትምህርት መጻሕፍት እያስመጣ ኢቤይ ላይ ይሸጥ ነበር። አሳታሚው ከሰሰውና 600 ሺህ ዶላር ክፈል ተባለ። ልጁ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ፤ በ2013 ፍርድ ቤቱ 6 ለ3 ፈረደለት። በሕጋዊ መንገድ የተሠራና የተገዛ መጽሐፍ፣ የትም ይታተም የት፣ የገዛው ሰው መልሶ ሊሸጠው ይችላል። ይህን ታሪክ የምወደው በፍርዱ ብቻ አይደለም። ልጁ የጀመረው አብረውት የሚማሩት ሰዎች ያላዩትን፣ እሱ ግን ከአገሩ የሚያውቀውን ነገር ይዞ ነው።

እኔ የማውቀው ምንድን ነው? ከፓሌቱ በኋላ ራሴን የጠየቅኩት ይህንን ነው። መልሱም ወዲያው የመጣልኝ መሰለኝ፤ የሀገሬን ዕቃ! በአንድ አሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ ጠገራ ብር አየሁ፤ የማሪያ ቴሬዛ። 1780 ይላል። በ28 ዶላር ገዛሁና «የ1780 ጥንታዊ ብር፣ በኢትዮጵያ መገበያያ የነበረ» ብዬ አወጣሁት። በ75 ዶላር ተሸጠ። ከሳምንት በኋላ ገዢው በትሕትና ጻፈልኝ። ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በ1780 ነው፤ ከዚያ በኋላ የተመታው ብር በሙሉ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ቀጠለ። ከቪየና ሌላ በ20ኛው ክፍለ ዘመን በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይ ሳይቀር ተመትቷል። የእኔው ሳንቲም ምናልባት ከአያቴ ዕድሜ ያነሰ ነው።

አያቶቻችን የተገበያዩበትን ገንዘብ አንድ ፈረንጅ አስተማረኝ። ገንዘቡን መለስኩ፤ መግለጫውን አርሜ ስህተቴን አምኜ ጻፍኩ፤ ሳንቲሙም በ33 ዶላር ለሌላ ሰው ሄደ። የመጀመሪያው ገዢ ምን አስተያየት ቢተውልኝ ጥሩ ነው? «ሐቀኛ ሻጭ» ብሎ። ሐቀኛ እንኳ አልነበርኩም፤ ያላጣራሁ ነበርኩ። ትምህርት ቤት «ሳታጣሪ አትጻፊ» እየተባልኩ አራት ዓመት ተምሬ፣ ለ75 ዶላር ረሳሁት።

ከዚያ ወዲህ መግለጫ የምጽፈው እንደ ዜና ነው። ምንድን ነው፣ ከየት ነው፣ መቼ ተሠራ፣ በምን አወቅኩ። ጉድለቱን መጀመሪያ እጽፋለሁ፤ ጭረቱን በቅርብ ፎቶ አነሳለሁ። ጽድቅ ፍለጋ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ያዋጣል። ፖል ሬዝኒክና ባልደረቦቹ በ2006 ያሳተሙት አንድ ጥናት አለ። አንድ ሻጭ ተመሳሳይ የቆዩ ፖስታ ካርዶችን ግማሹን በረጅም ዘመን ስሙ፣ ግማሹን ማንም በማያውቃቸው አዳዲስ ስሞች ኢቤይ ላይ እንዲያወጣ አደረጉ። ስም ያለው ሻጭ ያቀረባቸው ላይ ገዢዎች በአማካይ 8.1 በመቶ ጨምረው ለመክፈል ፈቃደኞች ነበሩ። ሰውዬው ያው፣ ካርዱ ያው። ልዩነቱ ስም ነው። በእኔ ሒሳብ 8 በመቶ ማለት የቡና መፍጫው ትርፍ ሲሶ ገደማ ነው።

እና በመጨረሻ የማውቀውን አገኘሁ። አንድ ማታ ኢቤይ ላይ ስንከራተት «የዐረብ ሙዚቃ» የሚል ርዕስ የተሰጠው ሸክላ አየሁ፤ 9 ዶላር። ፎቶውን ሳጎላው ጽሑፉ አማርኛ ነው! የአምሃ ሬከርድስ ሸክላ፣ ዘፋኙ ዓለማየሁ እሸቴ። አምሃ እሸቴ የመንግሥትን የሸክላ ብቸኛ መብት ተጋፍቶ በ1969 ማሳተም የጀመረ ሰው ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያወጣቸው የ«ኢትዮፒክስ» አልበሞችና የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ የተሰማበት የ2005ቱ የጂም ጃርሙሽ ፊልም «ብሮክን ፍላወርስ» የዚያን ዘመን ሙዚቃ በዓለም ዙሪያ አስወድደውታል። ሸክላውን ገዛሁ፣ አጸዳሁ፣ አዳመጥኩ፣ ጽሑፉን ተርጉሜ ጭረቱን ጭምር ጽፌ በጨረታ አወጣሁት። በ118 ዶላር ተሸጠ። የረዳኝ ሀሁ ነው። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በነፃ የያዝኩት ሀሁ!

ይህን የሰሙ አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ (ጋሼ ልበላቸውና ልለፍ) አንድ ካርቶን ሸክላ ይዘው መጡ። በ1970ዎቹ ከአዲስ አበባ ሲወጡ በሻንጣቸው ያመጧቸው ናቸው። «ልጄ፣ ማጫወቻውም ተበላሽቷል፣ አንዱን በሁለት ሁለት ዶላር ውሰጂልኝ» አሉኝ። 26 ሸክላ ነው፤ 52 ዶላር። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ለአንድ ደቂቃ ዝም አልኩ። የማላውቀው ነጋዴ በራሱ ዋጋ ያወጣውን መግዛት አንድ ነገር ነው። ዕውቀቴን አምነው የመጡ ሰው ላይ ዕውቀቴን መደበቅ ግን ንግድ አይደለም። «ጋሼ፣ አይሽጡልኝ፤ እኔ ልሽጥልዎት» አልኳቸውና በኮሚሽን ተስማማን።

ከዚያ ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ። እያንዳንዱን ሸክላ የት እንደገዙት፣ ከማን ጋር እንዳዳመጡት ጠየቅኳቸው። ሦስት ሰዓት አወሩልኝ። ከተመረቅኩ ወዲህ የሠራሁት ምርጥ ቃለ መጠይቅ ነው። በእሳቸው ፈቃድ ከየታሪኩ ሁለት ሁለት መስመር መግለጫው ውስጥ አስገባሁ። ይህኛው እንደ ፔዝ ተረት ሳይሆን የተደረገ ነው። 25ቱ ተሸጡ። አንዷን ከለከሉኝ፤ «ይህቺ የሠርጌ ናት» አሉ። ከኮሚሽኔ የእቴቴን የመጨረሻ ዕዳ ከፈልኩ።

አንድ ድንበር ግን አለ። የሀገሬን ዕቃ አውቃለሁ ብላችሁ የብራና መጽሐፍ፣ ክታብ፣ የቤተ ክርስቲያን መስቀል አትንኩ። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በ2000 በወጣው አዋጅ ቁጥር 209 የተከለከለ ነው። በ2021 እንግሊዝ ዶርሴት ውስጥ ከመቅደላ የተወሰዱ ዕቃዎች ለጨረታ ሊቀርቡ ሲሉ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ጥያቄ ከጨረታው ወጥተው በዚያው ዓመት ለኢትዮጵያ ተመልሰዋል። አንዱ ለማስመለስ ሲደክም ሌላችን በፖስታ ቤት አንበትን። ሸክላ ሺህ ቅጂ ተመትቷል፤ የአንድ ደብር ብራና ግን አንድ ነው።

አዲስ አበባ ሆናችሁ ቴሌግራም ላይ የምትሸጡም ብትሆኑ ነገሩ ያው ነው። ከኢንተርኔት የተለቀመ ፎቶ፣ «ዋጋ በኢንቦክስ»፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀውን ስልክ «ስላይትሊ ዩዝድ» ማለት… ይህ ሁሉ አንድ ጊዜ ይሸጣል፤ ሁለተኛ ገዢ ግን አያመጣም።

እና ጓደኛዬ፣ ስልክ የዘጋሽብኝ፤ አሁንም «ምንም አትግዢ» እልሻለሁ። መጀመሪያ ቁጭ ብለሽ ሌላው የማያውቀው አንቺ የምታውቂው ምን እንዳለ ጻፊ። እናትሽ ልብስ ሰፊ አይደሉም እንዴ? ስፌት በዓይንሽ ትለያለሽ፤ ከአሮጌ ቀሚስ መደርደሪያ ፊት ቆመሽ እኔ የማላየውን ታያለሽ። ከዚያ ጀምሪ፤ በአንድ ቀሚስ። በእቁብ ገንዘብ አይደለም።

በሉ ፖስታ ቤት ሳይዘጋ ልሩጥ። ሰላም ሰንብቱ!